ስድስተኛው ሚዛን አልተገዛም

በምሠራበት አልተንሃይም፣ በአረጋውያን መኖሪያው ማለቴ ነው፣ ያረጀ ሰው ይታጠባል፣ ይመገባል፣ ፀሐይ ስትወጣ ወንበሩ ወደ መስኮት ይዞርለታል። ሊሾም የታሰበ ሰው ግን ይለካል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለሹመት ያሰበኝ ሰው አልነበረምና፣ እኔ ራሴን ጨምሮ።

ቤቱ ያለው እዚህ ጀርመን፣ ፕሮይንገስሃይም በሚባል ሰፈር ነው። እኔ የምኖረው ቦርንሃይም፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ፤ ሁዳዴ በመጣ ቁጥር የቅቤው ሽታ ደረጃውን ወጥቶ በር የሚያንኳኳበት ቤት። ሥራዬ አንሶላና ፎጣ ማጠብ፣ ቁርስ መደርደር፣ ኮሪደሩን ማጽዳት ነው። ይህን ሥራ የምታስተባብረው የቡድናችን መሪ ጡረታ ልትወጣ ሆነና ቦታዋ ለውድድር ወጣ። ሌላው ሰው ማዕረጉን አየ። እኔ ያየሁት ዲንስትፕላኑን ነው፤ ማን በየትኛው ቀን እንደሚገባ የሚደለድለውን ወረቀት የሚያወጣው መሪው ነውና።

ነገሬ የእሑድ ጠዋት ነው። መሪያችን "አንቺ ትንሽ ልጅ የለሽም" እያለች የእሑድ ጠዋትን ተራ እኔ ላይ ትጥለው ነበር። ልጄ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ስለገባች፣ በመሪያችን ስሌት ከእንግዲህ እሑድ ምን ሊያደርግልኝ። ስለዚህ ቅዳሴውን የምሰማው በስልክ ነበር፤ ጆሮዬ ቤተ ክርስቲያን፣ እጄ ፎጣ ላይ። "ተነሡ" ሲባል ቀድሞውንም ቆሜያለሁ፤ "ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ" ሲባል ግን በምሥራቅ በኩል ያለው የልብስ ማድረቂያው ነው። ለማድረቂያ የሰገድኩ መስሎኝ የተሳቀቅሁበት ቀን ብዙ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ፈጣሪ ያውቀዋል ብዬ ለዲንስትፕላኑ ስለቴን ተሳልኩ፣ ለቦታውም አመለከትኩ።

ሌላዋ ተወዳዳሪ የአገሬ ልጅ ናት፣ ጴንጤ። ከእኔ ታንሳለች፣ "እትዬ" ትለኛለች። ቫኩም ስታደርግ ትዘምራለች፤ ከአሳንሰሩ ሆና ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ላለ ሰው ሰላምታ ታደርሳለች። የእነሱ ጉባኤ የሚሰበሰበው ባንሆፍስፊርቴል፣ በባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ በተከራዩት አዳራሽ ነው። እኔ ስለ አዳራሹ ከዚህ በላይ ጠይቄ አላውቅም። ለምን ልጠይቅ፤ ጭምት ነኝ።

አስተዳደሩ ከሁለታችን አንዷን መምረጥ አቃተው መሰለኝ፣ ከውጭ የሥነ ልቦና ባለሙያ አመጣ። ወጣት ነው፣ ነጭ ስኒከር ያደረገ፣ ድምፁ እንደ ፋርማሲስት የለሰለሰ። ለየብቻችን ታብሌት ሰጠንና "ትክክልና ስሕተት የሚባል መልስ የለውም፤ መጀመሪያ የመጣላችሁን ንኩ" አለን። ትክክለኛ መልስ የሌለው ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ወይ ፈላስፋ ነው ወይ ወጥመድ አለው። እኔ ታብሌቱን በመሐረብ ወልውዬ፣ አማትቤ ጀመርኩ።

እያንዳንዱ መስመር ስለ ራሴ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በጭራሽ ካልተስማማሽ አንድ፣ ሙሉ በሙሉ ከተስማማሽ አምስት።

"ሥራዬን በጥንቃቄ እሠራለሁ።" አምስት ብዬ ልንካ? ሰውን የሌላ ሰው አፍ ያመስግነው እንጂ የራሱ አፍ አያመስግነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ደግሞም በዚያው ሰሞን የአንዲትን እማማ ሹራብ በፈላ ውሃ አጥቤ ለልጅ ልጃቸው ልክ እንዲሆን አድርጌዋለሁ። ሁለት።

"ስለ ጥፋቴ ብዙ ጊዜ እያሰብኩ አዝናለሁ።" ይህን በሁዳዴ የሚጠይቅ ሰው ምን ዓይነት መልስ እንደሚጠብቅ አላውቅም። አምስት። ስድስት ቢኖር ስድስት።

"ብዙ ሰው ባለበት መዋል ደስ ይለኛል።" ሰው በበዛበት ሐሜት አይጠፋም፤ ጾም ላይ ነን። ሁለት።

"ለአዳዲስ ሐሳቦች ክፍት ነኝ።" ቤተ ክርስቲያኔ አዲስ ሐሳብ ይዞ የመጣውን ሁሉ በጉባኤ ስትመልስ የኖረች ናት። ለጥንቃቄ አንድ።

"ሰዎችን በቀላሉ አምናለሁ።" በሰው እንዳልታመን ጠዋት ጠዋት ዳዊት እየደገምኩ፣ ከሰዓት በኋላ ለታብሌት ሌላ ልናገር? አንድ።

"ዋሽቼ አላውቅም።" ጠዋት ልጄ ቁርስ በልተሽ ነው ወይ ስትለኝ እንዳትጨቀጭቀኝ "አዎ" ብያታለሁ። ይህኛው በጣም ቀላል ነበር። አንድ።

ባልደረባዬ የራሷን ጨርሳ፣ ኮቷን ለብሳ ከአጠገቤ ቆመች።

"እትዬ፣ አሁንም እዚያው ነሽ?"

"እያሰብኩ ነው።"

"ምን ይታሰባል? መልካሙን ሁሉ አምስት፣ ክፉውን ሁሉ አንድ። አለቀ።"

"አንቺ ተጨንቀሽ አታውቂም?"

"የተጨነቀችው አሮጌዋ እኔ ናት" አለች፣ ቦርሳዋን እያነገተች። "እሷ ደግሞ እዚህ ቤት አትሠራም።"

እሷ በአፏ የመሰከረችው ይሆንልኛል ብላ ታምናለች። እኔ በአፌ ያመሰገንኩት ይወሰድብኛል ብዬ እፈራለሁ። ነጭ ስኒከር ያደረገው ልጅ ሁለት ሠራተኞችን እፈትናለሁ ብሎ ሁለት ሃይማኖት መፈተኑን አላወቀም።

ማታ ለልጄ ስነግራት እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። እሷ በጀርመንኛ ነው የምትመልሰው፤ እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እንግባባለን፣ በተለይ ስንጣላ። ሰው ለሥራ ሲወዳደር ራሱን መሸጥ አለበት አለችኝ። "እኔ የማውቀው የሸጠ ሐዋርያ አንድ ነው፣ መጨረሻው አላማረም" አልኳት። ወደ ክፍሏ ሄደች።

ለውጤቱ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ተሰጠኝ። ባለሙያው በስክሪኑ ላይ አምስት ጫፍ ያለው ሥዕል አሳየኝ። በየጫፉ አንድ ባሕርይ አለ፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነት፣ ከሰው ጋር መጫወት፣ ለሰው መመቸት፣ እና አምስተኛው በቀላሉ መረበሽ። የእኔ መስመር አራቱን ጫፎች ትቶ መሐል ላይ እንደ ፈራ ጃርት ተኮማትሯል። አምስተኛው ላይ ብቻ፣ በመረበሹ፣ ከሥዕሉ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

"እንደ መልስዎ ከሆነ" አለኝ በትሕትና፣ "ግዴለሽ፣ ብቸኛ፣ ተጠራጣሪ፣ ለአዲስ ነገር ዝግ፣ ሁልጊዜም የተጨነቁ ሰው ነዎት።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።

"ግን አለቆችዎ በሙሉ በጣም ጥንቁቅ ነች ይላሉ። ቆይ፣ የባልደረባዎን አልነግርዎትም፣ ግን በአንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት ውጤቶች አይቼ አላውቅም።" አልነግርዎትም ያለውን ባልደረባዬ ራሷ ቀድማ ነግራኛለች፤ የእሷ መስመር መረበሹን ትቶ የቀረውን ጫፍ ሁሉ ይዞ ኮከብ ስለመሰለ ማሽኑ ቀይ ምልክት አድርጎበታል። ይህን ያህል ጥሩ ሰው የለም ብሎ። ማሽኑን የወደድኩት ያኔ ነው፤ ቢያንስ በዚህ ጉዳይ ኦርቶዶክስ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠየቅሁት። እነዚህ አምስቱ ከየት መጡ? ማን አያቸው? ሰው ተቀዶ ነው የተገኙት?

ልጁ ደስ አለው፤ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ኖሯል። ነገሩ የተጀመረው ከመዝገበ ቃላት ነው አለኝ። ሰዎች በሰው ላይ የሚያዩትን ቁም ነገር ሁሉ ስም ያወጡለታል፤ ስለዚህ የሰውን ባሕርይ የሚገልጹ ቃላትን በሙሉ ለቅመው፣ ብዙ ሰዎች ራሳቸውንና የሚያውቁትን ሰው በእነዚያ ቃላት እንዲመዝኑ አደረጉ። ከዚያ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ በሒሳብ ፈለጉ። "ተጫዋች" የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ "ደፋር" ከተባለና "ዝምተኛ" ካልተባለ፣ ከሦስቱ ቃላት ኋላ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ገባኝ። ሁለት ሴቶች ሁልጊዜ አብረው ቅዳሴ ሲመጡ ካየሁ አንድ ሰፈር እንደሚኖሩ እጠረጥራለሁ። እነሱም እንዲሁ ጠርጥረው ጠርጥረው አምስት ሰፈር አገኙ።

"እኛም አምስት አለን" አልኩት፤ ከአፌ አመለጠኝ። "የእኛ መዝገበ ቃላት ሰውን የሚለካው በአካሉ ነው። በሆዱ፦ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ። በዓይኑ፦ ዓይነ አፋር፣ ዓይን አውጣ። በአፉ፦ አፈ ጮሌ፣ አፈ ቅቤ። በእጁ፦ እጀ ረጅም፣ እጀ ሰባራ። በልቡ፦ ልበ ሙሉ፣ ልበ ደንዳና።" እያንዳንዱን እየተረጎምኩ ሆዴንና ዓይኔን አሳየሁት። ሐኪም ቤት የሄድኩ እስኪመስል።

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። "ጥሩ ነው" አለ፣ "ግን አምስት የአካል ክፍል አምስት ባሕርይ ማለት አይደለም። ሆደ ባሻ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይነ አፋር ከሆነ፣ ሆድና ዓይን አንድ ሰፈር ናቸው።"

አሰብኩ። አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ ገና ቀና ብለው ሲያዩዋት የምታፍር፣ ካላዩዋት ደግሞ የምታኮርፍ። ሆዷና ዓይኗ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። ልጁ ትክክል ነው። ይህን ለማመን ግን ፊቴን አልፈታሁም።

"ይሉኝታስ የት ይገባል?" አልኩት። ምንድነው አለኝ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የራስን መተው ነው፤ የራስን ጉዳይ በገዛ እጅ መቅበር ነው አልኩት። ስክሪኑን አየ፣ አገጩን አሸ፤ ጥቂቱ ለሰው መመቸት ውስጥ፣ ጥቂቱ መረበሽ ውስጥ፣ ጥቂቱም ጥንቁቅነት ውስጥ ተከፋፍሎ ይገባል አለኝ። ይሉኝታዬ እንደ ውርስ መሬት ሦስት ቦታ ተሸነሸነ።

"ትሕትናስ?"

"እሱ ነገር አለው" አለ። "ብዙ ቋንቋዎች ሲጠኑ አንዳንድ ተመራማሪዎች ስድስተኛ አግኝተዋል። ቅንነትና ትሕትና ይሉታል።"

"ታዲያ የት አለ?"

"ድርጅታችሁ የገዛው ባለ አምስቱን ነው።"

ድርጅታችን ስንት ነገር እንደሚያጓድል አውቃለሁ፤ የሳሙናውን ዓይነት እንኳ በርካሹ ነው የሚያስመጣው። ትሕትና ግን ትርፍ ዕቃ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

የልጁን ውለታ መካድ አይገባም። "ይህ ሚዛን ደግመን ብንመዝንዎት ያንኑ ያሳያል፤ መዋዠቅ የለበትም" አለኝ። "ጥያቄው የሚመዝነው እርስዎን ነው ወይስ ስለ ራስዎ መናገር የሚፈቅዱትን ነው የሚለው ነው። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።" ለዚህም መድኃኒት አላቸው። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ካልታመነ በደንብ የሚያውቀው ሌላ ሰው ይሞላለታል። በደንብ የሚያውቀኝን አንድ ሰው እንድመርጥ ነገረኝ። ሰውን የሌላ ሰው አፍ ያመስግነው፤ ይህን ለመድረስ ሳይንስ መዝገበ ቃላቱን ሁሉ መዞር ነበረበት።

በደንብ የሚያውቀኝ ማን ነው? የንስሐ አባቴ ጋር ደወልኩ።

"አባቴ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ።"

ነገሩን አስረዳኋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እኔ ስለ አንቺ የማውቀውን መናገር አልችልም። መናገር የምችለውን ደግሞ አላውቅም።"

"እውነትዎን ነው፣ አባቴ።"

"የሚያይሽ ሰው ፈልጊ" አሉኝ። "የሚሰማሽን ተይው።"

የሚያየኝ ሰው። ልጄ ከኩሽናው ውጭ አይታኝ አታውቅም። አለቆቼ የሚያዩት የታጠፈውን ፎጣ ነው፣ የሚያጥፈውን አይደለም። አንድ ሰው ብቻ ቀረች። ፈርቼ፣ ቃላቴን አዘጋጅቼ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስወርድ ቀድማኝ ተናገረች።

"እትዬ፣ አንቺን መረጥኩ።"

"ለምኑ?"

"ለመለካቱ ነዋ። ያ ልጅ የሚያውቅሽን አምጪ አለኝ። ፓስተሬን ብጠይቀው እሱም አምስት አምስት ብሎ ይጨርሰዋል፣ ማሽኑ እንደገና ይቀላል።"

"እኔ እኮ ተወዳዳሪሽ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ግን አንቺ መዋሸት አትችዪበትም። ስትዋሺ አንገትሽ ይቀላል።"

እኔም መርጬሻለሁ ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

እንዲህ ሆነና ለአንድ ቦታ የምንፎካከር ሁለት ሴቶች አንዳችን የሌላችንን ነፍስ ይዘን ወደየቤታችን ሄድን። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፤ "እኔ" የነበረው "እሷ" ሆነ። እሑዴ በዚህ ታብሌት ላይ እንዳለች አውቃለሁ። አንዲት ጣት ወደ ግራ ብትንሸራተት የሚያይ የለም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ግን ለታብሌት አይሠራም አላለም።

"ከሰው ጋር ትጫወታለች" ለሚለው አምስት፤ ይህ ምስክርነት ሳይሆን የአየር ሁኔታ ዘገባ ነው። "ሰዎችን ታስደስታለች።" እዚህ ላይ ቆምኩ። ከማንም ጋር የማይነጋገሩ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ቁርሳቸውን እኔ ሳቀርብላቸው ግድግዳውን ነው የሚያዩት። እሷ ቫኩሙን እየጎተተች ስትገባ ግን በማያውቁት ቋንቋ መዝሙር በእግራቸው ይመታሉ። አምስት። "ሥርዓት ትወዳለች።" የማድረቂያውን ማጣሪያ አንድም ቀን አጽድታው አታውቅም፤ ብናኙ ተከማችቶ በግ አክሎ የማወጣው እኔ ነኝ። ሁለት። በማግስቱ ደግሞ ሄጄ ነገርኳት፤ ከኋላዋ እንዳይሆን።

"በማጣሪያው ምክንያት ሁለት አልኩሽ።"

"ማጣሪያ አለው እንዴ?" አለችኝ።

ቦታው ለእኔ ሆነ። ባለሙያው ሥራው ከምንም በላይ ጥንቁቅነት እንደሚፈልግ፣ የባልደረባዬም ምስክርነት እንደ ወሰነ ነገረኝ። በእሷ ፈቃድ በመጨረሻው ባዶ ቦታ የጻፈችውን አነበበልኝ፦ "ፎጣ ስታጥፍ ለፍርድ ቀን የሚቀርብ ይመስላታል። ሰላምታ ግን በቁጠባ ነው የምትሰጠው።" አዲሱ ሥዕሌ በአንዱ ጫፍ ተወጥሮ በሌላው ተኮማትሮ የተቀደደ ጃንጥላ መስሏል። እኔ ነኝ። ከፎቶዬ ይልቅ እኔን ይመስላል።

ይኸው፤ ዲንስትፕላኑ በእጄ ገባ። የተመኘሁት ሁሉ አንዲት ባዶ አራት ማዕዘን ናት፣ እሑድ ጠዋት ከስሜ ትይዩ። ብዕሬን አነሣሁ። ያኔ ሦስት ቦታ የተሸነሸነው ይሉኝታዬ ተሰብስቦ መጣ። ገና ከመሾሟ የራሷን እሑድ አስተካከለች አይሉም? ለዚህ ነው የጓጓችው አይሉም? ያቺስ ሁለት ብዬ ቦታውን ያስቀረሁባት፣ በላይዋ ላይ እሑድን ልጭንባት? ለእያንዳንዱ ሰው ልጁን፣ ጉልበቱን፣ ባቡሩን እያሰብኩ ደለደልኩ። ስጨርስ እሑድ ጠዋት ሁሉ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። የቀድሞዋ መሪያችን እንኳ ይህን ያህል አልጨከነችብኝም።

ልጄ ወረቀቱን አይታ "ሽፒንስት ዱ?" አለችኝ። ምን ነካሽ፣ አበድሽ ወይ ማለቷ ነው። በጀርመንኛ ስለሆነ ያልገባኝ መስዬ አለፍኩት።

ወረቀቱን ሰኞ ጠዋት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ባልደረባዬ መጥታ አነበበች፣ እኔን አየች፣ ደግማ አነበበች።

"እትዬ፣ ቅዳሴ የላችሁም እንዴ እናንተ?"

"አለን።"

"ታዲያ?"

"ሰው ያስፈልጋላ እዚህ።"

"በስልክሽ የምትሰሚውን እኔ የማልሰማ መሰለሽ? ማድረቂያው ጋ ስትሰግጂ አይቼሻለሁ።"

አንገቴ እንደቀላ ታወቀኝ።

"የእኛ አዳራሽ ጠዋት የዳንስ ትምህርት ቤት ነው" አለች፣ ከኪሷ እስክሪብቶ እያወጣች። "ለእኛ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው። እሑድ ጠዋት እቤት ተኝቼ ነው የማሳልፈው። ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"አልጠየቅሁሽም።"

"ሳትጠይቂ ልትሞቺ ነበር።" በእያንዳንዱ እሑድ ላይ ስሜን እየሰረዘች የራሷን ጻፈች፣ ትልልቅ ፊደል፣ ከመስመሩ የወጣ። በጥንቃቄ ያሰመርኩት ወረቀት የሕፃን ደብተር መሰለ። ይህ የትኛው ጫፍ ላይ እንደሚገባ ያን ልጅ ብጠይቀው ለሰው መመቸት ይለኝ ነበር፤ እኔ እሱ ላይ ስንት እንዳልኳት አስታውሳለሁ፣ ግን እዚህ አልጽፈውም።

በመጀመሪያው እሑድ ነጠላዬን ለብሼ፣ በሁለት እግሬ፣ ሴቶች በሚቆሙበት በኩል ቆምኩ። ምሥራቁ በእውነት ምሥራቅ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ከእንባዬ ጋር ግን ማጣሪያው መጣ። ብናኙ ስንት ደርሶ ይሆን፣ ፎጣዎቹ እንዴት ታጥፈው ይሆን፣ እሳት ቢነሣስ። አሳቤን ከማድረቂያው ወደ መንበሩ ስመልስ፣ ከመንበሩ ወደ ማድረቂያው ሲያመልጥ፣ ቅዳሴው አለቀ። ጥንቁቅነት አምስት።

ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ ደጅ ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩ። ከእሷ አንድ ፎቶ መጥቷል፤ በአንድ እጇ ንጹሕ ማጣሪያ፣ በሌላው እጇ መዳፍ ላይ እንደ ጫጩት የተቀመጠ ግራጫ ብናኝ። ከሥሩ አንዲት ቃል አለች።

"አምስት?"

ጥቂት አሰብኩ። መጀመሪያ የመጣልኝን መንካት እስከ ዛሬ አልለመድኩም።

"አራት" ብዬ ጻፍኩላት። "አምስቱን ስትደግሚው።"